ውድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ለደብረ ብርሃን ቤት ያዋጣል ወይ?

ጥያቄ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጠባሴ አካባቢ ሲሆን፣ እኔና ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችንና ወላጅ እናቴ በአንድ ቤት ውስጥ ነን። ለዓመታት በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች ልብስ ታጥብልን የነበረች ልጅ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ አግኝታ ሄደች፤ እኛም ደስ ብሎን መርቀን ሸኘናት። ከዚያ በኋላ ግን ሥራው በእኔና በእናቴ ላይ ወደቀ። እናቴ እንድትተው ብንለምናትም፣ እኔ ቢሮ በምውልበት ቀን ልብሱን ዘፍዝፋ ትጀምረዋለች። የከተማችንን ብርድ የሚያውቅ ሰው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ባደረ ውሃ ጋቢ ማጠብ የመገጣጠሚያ ሕመም ላለባት እናት ምን እንደሚያደርጋት ይረዳኛል።

ስለዚህ ማሽን ለመግዛት ወስነናል። አዲስ አበባ ሄደን ሁለት አይተናል። ሁለቱም በፊት ለፊት የሚከፈቱ፣ 8 ኪሎ የሚያጥቡ ናቸው። የመጀመሪያው በደቂቃ 1000 ዙር የሚጨምቅ፣ ስሙ ብዙም የማይታወቅ ነው። ሁለተኛው 1400 ዙር የሚጨምቅ፣ ሞተሩ ያለ ቺንጋ በቀጥታ ከድራሙ ጋር የተያያዘ፣ ስሙ በዓለም የታወቀ ሲሆን፣ ዋጋው የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ደኅናውን ገዝተን እንረፍ ይላል። እኔ ደግሞ የልዩነቱ ገንዘብ የአንድ ልጅ የትምህርት ቤት ወጪ ስለሆነ እጄ ይያዛል።

ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ስለሆነ የምንጠቀመው ሁለት ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ማማ ላይ ካስቀመጥነው ሮቶ ነው። መብራትም ይጠፋል፤ ሲመለስ ኃይሉ አንዳንዴ ከመጠን ያልፋል። የዋጋው ልዩነት በእኛ ሁኔታ በተጨባጭ ምን ያስገኝልናል? የተጠቀማችሁበት ሰዎች ያያችሁትን ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ምላሽ 1፦ የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ፣ ከደብረ ብርሃን

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ከልብ አንብቤዋለሁ፤ እናትሽንም እግዚአብሔር ይማርልሽ። እነዚህን ማሽኖች በየጊዜው ስለምፈታቸው ከውስጣቸው ብነሣ ይሻላል።

ውድ ማሽን ላይ የምትከፍዪበት እውነተኛ ልዩነት ያለው በሞተሩ፣ በኩሽኔታው፣ ንዝረቱን በሚያበርዱት ድንጋጤ መቀበያዎችና በአካሉ ክብደት ላይ ነው። ርካሹ ላይ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ካርቦን፣ ማለትም እየተፋተገ ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርስ ቁራጭ፣ ያለው ነው። ካርቦኑ እየተፋቀ ያልቃል፤ ነገር ግን መተካት ቀላልና ርካሽ ሥራ ነው። ውዱ ላይ ካርቦን የሌለው ሞተር ስላለ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ዕድሜውም ረዘም ያለ ነው። የኤልጂ ማሽኖች ላይ በብዙ አገሮች የሚሰጠው የ10 ዓመት ዋስትና ግን ሞተሩን ብቻ እንደሚመለከት ልብ በዪ፤ ማሽኑን የሚቆጣጠረውን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ፣ ፓምፑንና የበሩን ጎማ አይጨምርም። የጀርመኑ ሚለ ማሽኖቹን ለ20 ዓመት አገልግሎት እንደሚፈትን የሚናገር አምራች ነው፤ ዋጋው የሚወደደውም በከፊል በዚህ ነው። ሆኖም እንዲህ ያለ ማሽን እስከዚያ ዕድሜ የሚደርሰው መለዋወጫውና የሠለጠነ ጠጋኝ በቅርብ በሚገኝበት ቦታ ነው።

ከዋጋው ይልቅ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ ድራሙን በውስጡ የያዘው የውሃው ጋን ይፈታል ወይስ በፋብሪካ ተበይዶ የታሸገ ነው? በዚህ ዘመን ከርካሹም ከውዱም ወገን የታሸገ ጋን ያላቸው አሉ። ጋኑ የታሸገ ከሆነ፣ የጥቂት ብር ኩሽኔታ ሲበላ ጋኑን በሙሉ ካልቀየርሽ በቀር ማሽኑ ተበላሸ ማለት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ጋን ማስመጣት ምን እንደሚያስወጣ ለአንቺ መንገር አያስፈልግም። ሻጩን በግልጽ ጠይቂው፤ ካላወቀ ወደሚያውቅ ሂጂ።

ወደ እኛ ከተማ የሚመጡልኝ ማሽኖች ከሁሉ በላይ የሚበላሹት በቦርድ ነው፤ ያም መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ኃይል ግፊት ነው። ውድ ማሽን ከዚህ አይድንም፤ እንዲያውም ቦርዱ የተወሳሰበ ስለሆነ ሲቃጠል የሚያስወጣው ይበልጣል። በዚህ ምክንያት ከማሽኑ ዋጋ ላይ ለጥሩ ስታብላይዘር (የመብራቱን ኃይል ለሚያስተካክል ዕቃ) የሚሆን ገንዘብ ለዪ። የውሃ ማሞቂያው ብቻ 2000 ዋት ያህል ስለሚስብ፣ በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይሆናል፤ ሞተሩ ሲጨመርበት ቢያንስ 3 ኪሎ ቮልት አምፔር የሚችል፣ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ ዓይነት ይሁን። በዲቫይደር ፈጽሞ አትሰኪው። የራሱ ሶኬት፣ የራሱ ብሬከር፣ የመሬት ሽቦም ይኑረው፤ ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ ዕቃ ውስጥ ስለሆኑ በዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

አሁን ስለ ሮቶው። ውሃ በየአሥር ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ያንቺ ሁለት ሜትር 0.2 ባር ብቻ ነው። አብዛኞቹ ማሽኖች 0.5 ባር ገደማ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ውዱንም ርካሹንም ብትገዢ ትንሽ የግፊት ፓምፕ ካላስገባሽ ማሽኑ ውሃ እየጠበቀ የስሕተት ምልክት ያሳያል፤ አንቺም አዲሱ ዕቃ ተበላሽቶ የመጣ ይመስልሻል።

ምላሽ 2፦ ከመሐል ሜዳ የምትጽፍ መምህርት

እኔ ውዱን ከገዙት ወገን ነኝ፤ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ ዛሬም ቢሆን ያንኑ እገዛለሁ። ወንድማችን ስለ ቦርድ የተናገረው እውነት ነው፤ የእኔም በሦስተኛው ዓመት መብራት ሲመለስ ተቃጥሎ፣ የጥገና አገልግሎቱ ሁለት ወር አስጠብቆኛል። ያን ጊዜ ስታብላይዘር አልነበረኝም። ይህን ከተናገርኩ በኋላ ግን፣ ሌላው መልስ ሰጪ ብዙ ያላነሣውን ነገር ላንሣ፤ ይህም ማድረቅ ነው።

በመንዝ ከሐምሌ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትታይ ይታወቃል። ልብስ በገመድ ላይ ሦስት ቀን ውሎ እርጥበቱ አይለቅም፤ ቤት ውስጥ ሲሰቀል ይሸታል፤ ሲሸት እንደገና ይታጠባል። አንድ ማሽን በደቂቃ 1000 ዙር ሲጨምቅ በጥጥ ልብስ ላይ የሚቀረው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 60 በመቶ ገደማ ነው፤ በ1400 ዙር ወደ 50 በመቶ ይወርዳል። ለአምስት ኪሎ ልብስ ይህ የግማሽ ሊትር ልዩነት ነው። በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ለእኔ ግን የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ከምሽት እስከ ንጋት በከሰል ምድጃ አጠገብ የሚደርቀውና የማይደርቀው በዚህ ልዩነት ነው። በእጅ የተጨመቀ ጋቢ ደግሞ ከሁለቱም እጅግ የበለጠ ውሃ ይይዛል፤ አራት እጥፍ የጥጥ ሸማ መሆኑን አትርሺ።

ስለ ጋቢ ካነሣሁ፦ 8 ኪሎ የሚለው ቁጥር የደረቅ ጥጥ ልብስ ነው። ጋቢ ውሃ ሲጠጣ አንድ ላይ ተጠቅልሎ ድራሙን በአንድ ወገን ስለሚያከብደው፣ አንድ ጋቢ ብቻውን ከማስገባት ሁለት ቀለል ያሉ ነገሮችን፣ ለምሳሌ ነጠላና ፎጣ፣ ጨምሮ ማስገባት ይሻላል። ባና ግን በምንም ማሽን አታስገቢ። የበግ ጠጉር በሙቅ ውሃና በመታሸት ይኮማተራል፤ ክብደቱም እርጥብ ሲሆን ኩሽኔታ የሚሰብር ነው። እኛ ባናችንን ዛሬም በወንዝ ነው የምናጥበው።

እናትሽን በተመለከተ፣ ከማሽኑ ሁሉ የወደድኩት ውሃውን ራሱ ማሞቁን ነው። እጄ ከቀዝቃዛ ውሃ ተላቀቀ። ይህን ለመግለጽ ቃል ያንሰኛል።

ምላሽ 3፦ ከሸዋ ሮቢት

በእኛ ቆላ ጉዳዩ ሌላ ነው። ልብስ ተሰጥቶ ሰዓት ሳይሞላ ይደርቃል፤ ስለዚህ ለ1400 ዙር የምከፍልበት ምክንያት የለኝም። የገዛሁት ሁለት ጋን ያለውን፣ አንዱ የሚያጥብ ሌላው የሚጨምቅ፣ በከፊል በእጅ የሚሠራውን ነው። ቧንቧ ባይኖር በባልዲ ይሞላል፤ ግፊት አይጠይቅም፤ ቦርድ የለውም፤ የሚሠራው በሜካኒካል ሰዓት ነው። ጉዳቱ ልብሱን ከአንዱ ወደ ሌላው በእጅ ማዛወር ማስፈለጉና ውሃ አብዝቶ መጠጣቱ ነው፤ ውሃም አያሞቅም። በፊት ለፊት የሚከፈተው በአንድ እጥበት 50 ሊትር ገደማ፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ተኩል ሲበቃው፣ የእኔ ከዚህ በጣም ይበልጣል። ደብረ ብርሃን ላይ በእናትዎ ቦታ ሆኜ ብመለከተው፣ ውሃ የማያሞቀው አይመከርም።

ምላሽ 4፦ የፊዚክስ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን

ስለ ሙቀቱ ጥቂት ስሌት ልጨምር። 15 ሊትር ውሃ ከ12 ዲግሪ ወደ 40 ለማሞቅ የሚያስፈልገው ኃይል ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ወደ 60 ለማድረስ 0.84 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ስለሆነ ውዱ ማሽን ከርካሹ በዚህ ረገድ የሚያተርፈው ውሃውን በማሳነስ ብቻ ነው። የሕፃን ልብስና የታመመ ሰው አንሶላ ካልሆነ በቀር 40 ዲግሪ ይበቃል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ መሆኑ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ላይ 90 የሚለውን መርሐ ግብር እዚህ መጠቀም ውሃውን እስከ ማፍላት ማድረስ ነው፤ እንፋሎቱም ጎማውን ይጎዳል። ለዚያ ቁጥር ተጨማሪ ብር መክፈል ለእኛ ትርጉም የለውም። ለቤት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች የሚወጣው ዓለም አቀፍ የደኅንነት ደረጃም በመደበኛነት መነሻ የሚያደርገው እስከ 2000 ሜትር ያለውን ከፍታ ነው። ሳሳ ያለ አየር ሞተርንና ቦርድን በደንብ አያቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ማሽኑን ከግድግዳ ትንሽ አርቃችሁ አስቀምጡት፤ ሁለት ሦስት እጥበትንም በተከታታይ አታስኬዱ።

ውርጭ በሚጥልባቸው ሌሊቶች ደግሞ ማሽኑ በረንዳ ላይ ከሆነ በቱቦውና በፓምፑ ውስጥ የቀረው ውሃ ሊረጋ ይችላል። ቤት ውስጥ ይሁን።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን እያነበብን ተነጋግረንበታል። መምህርት፣ ስለ ማድረቅ የጻፉት ልቤን ነክቶታል፤ ክረምቱን ረስቼው የኅዳርን ብርድ ብቻ ሳስብ ነበር። በሌላ በኩል ሦስት እጥፍ ከፍለን ስታብላይዘሩንና ፓምፑን መግዛት አንችልም። አሁን የምናስበው በመካከል ያለ፣ 1200 ወይም 1400 ዙር የሚጨምቅ፣ ጋኑ የሚፈታ፣ መለዋወጫው አዲስ አበባ የሚገኝ፣ ሰዓትና ዲግሪ ከማሳየት በቀር ከስልክ ጋር መገናኘት የመሳሰለ ነገር የሌለበት ማሽን ነው፤ የተረፈውን በስታብላይዘርና በፓምፕ ላይ እናውለዋለን። ወንድሜ ጠጋኙ፣ በዚህ ውስጥ ያልታየኝ ስሕተት አለ? አሜሪካ ያለች እኅቴም ከዚያ ልላክላችሁ ትላለች፤ ይህስ ይሆናል?

ምላሽ 5፦ ጠጋኙ

ከአሜሪካ የሚመጣው አይሁን፤ እዚያ ኃይሉ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ ቮልቱን በትራንስፎርመር ብታስተካክዪው እንኳ ኸርዙ አይስተካከልም። እኅትሽ ልትረዳሽ ከፈለገች የስታብላይዘሩን ዋጋ ትላክልሽ።

ዕቅድሽ መልካም ነው። ሱቅ ስትሄዱ ሁለት ነገር አድርጉ። ማሽኑን አሠርታችሁ በመካከል ከሶኬት ንቀሉት፤ መልሳችሁ ስትሰኩት ካቆመበት ከቀጠለ ለእኛ ከተማ የተሠራ ነው፤ ከመጀመሪያው ከጀመረ ግን በየመብራት መጥፋቱ ሁሉ ውሃና ሳሙና ያባክናል። ቀጥሎም ከታች በኩል ያለውን የፓምፕ ማጣሪያ ክፈቱና እናትሽ ሳትጎነበስ ልትደርስበት እንደምትችል እዩ፤ በወር አንድ ጊዜ መጽዳት አለበት።

ቤት ሲደርስ ከኋላው ያሉትን የማጓጓዣ ብሎኖች ሳትፈቱ እንዳታስነሡት። ድራሙን ለጉዞ አስረው የያዙት እነሱ ናቸው፤ ረስተው ያስነሡት ሰዎች ማሽኑ ክፍሉን እያቋረጠ ሲሄድ ደንግጠው ይደውሉልኛል፤ በዚያች አንድ እጥበት ኩሽኔታውም ድንጋጤ መቀበያውም ይጎዳል። ብሎኖቹን ግን አትጣዪአቸው፤ ቤት ስትቀይሩ ያስፈልጋሉ። ሳሙናውም ለማሽን የተሠራው፣ አረፋው ያነሰው ይሁን። የእጅ ማጠቢያው ዱቄት አረፋው በዝቶ ፓምፑን ያንቀዋል። ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ በውሃ ልክ ለክታችሁ አራቱንም እግሮች አስተካክሉ። ስትገዙ ንገሪኝ፤ መጥቼ አገጥምላችኋለሁ።