ማረከ፣ ጠለፈ ወይስ አገተ?

ጀማሪው ተርጓሚ፦ ሰላም ወገኖች። ስለ 1998ቱ (እ.ኤ.አ. 2006) የእስራኤልና የሂዝቦላ (የሊባኖስ ታጣቂ ድርጅት) ጦርነት አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ሐምሌ 5 ቀን የሂዝቦላ ተዋጊዎች ድንበር ተሻግረው ሁለት የእስራኤል ወታደሮችን ወሰዱ። «ማረኩ» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ጓደኛዬ «ወግነሃል፣ ጠለፉ በል» ብሎ ያዘኝ። ሌላው ደግሞ ማሳረጊያው ላይ «እስራኤል ድል አልቀናትም» ማለቴን አልወደደውም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ባለ ግዕዝ፦ ጓደኛህ በከንቱ አልያዘህም። «ማረከ» ካልክ ጦርነት ነበር ማለትህ ነው። የተያዘው ምርኮኛ ይሆናል፤ የምርኮኛ መብት አለው፣ በምርኮኛም ይለወጣል። «ጠለፈ» ካልክ አድራጊውን ወንጀለኛ አደረግኸው። አውሮፕላን ይጠለፋል፣ ልጃገረድ ትጠለፋለች። (ቀሚስም ይጠለፋል፣ እሱን ተወው።) «አገተ» ደግሞ መደራደሪያ ሊያደርገው ያዘው ነው።

ይሄ ጭቅጭቅ እዚያም ነበር። እስራኤሎች በዕብራይስጥ «ኻቱፊም» ይሏቸዋል፣ የተጠለፉ ማለት ነው። ሂዝቦላ በዐረብኛ «አሲር» ይላል፣ ምርኮኛ። ይቺ «አሲር» የኛው «አሰረ» ዘመድ ናት፤ ሥሯ አንድ ነው። ወገን መለየት የሚጀምረው እንግዲህ ከግሱ ነው። ገና አንድ ሮኬት ሳይቆጠር።

አራዳው፦ ግሱን ተዉትና ፎቶውን እዩ። በዚያው ሰሞን የዜና ወኪሉ ሮይተርስ የቤሩትን ጭስ በኮምፒውተር ያወፈረ ፎቶ አላወጣም? ሚዲያ የሚባል ነገር ላሽ!

ባለ ግዕዝ፦ አውጥቷል፣ አይካድም። ግን ሲነቃበት ፎቶውን አነሳ፣ ከፎቶ አንሺው ጋር ተለያየ፣ የሰውየውን 920 ፎቶዎችም ከገበያ አወረደ። አል ማናር የሂዝቦላ የራሱ ጣቢያ ነው። እሱ ወገነ ማለት ዓሣ ዋኘ እንደማለት ነው። በእስራኤል በኩልም የጦር ሳንሱር ነበር፤ ሮኬት በትክክል የት እንደወደቀ ወዲያው መዘገብ አይቻልም ነበር። ሦስቱን በአንድ ጆንያ ከትተህ «ሚዲያ» ስትል ልዩነታቸው ይጠፋብሃል።

የደሴዋ፦ እኔ ስለ ድሉ ልናገር። «አሸነፈ» ተሸናፊ ይፈልጋል፤ እከሌን አሸነፈ ነው የሚባለው። እዚያ ጦርነት ላይ ተሸነፍኩ ያለ የለም። በ34ኛው ቀን፣ ነሐሴ 8፣ በጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 1701 መሠረት ተኩስ ቆመ። በዚያው ዕለት የያኔው የሂዝቦላ መሪ ነስራላህ «ታሪካዊ ድል» ብሎ አወጀ። በዚያው ዕለት የያኔው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቡሽ ሂዝቦላ ተሸንፏል አሉ። ከ1000 በላይ ሊባኖሳውያን፣ ወደ 160 የሚሆኑ እስራኤላውያን ሞተው ሁለቱም ወገን ፉከራ ላይ ነበር። ሙያ በልብ ነው የሚለውን የነገራቸው የለም!

ፉከራው ሲበርድ ግን ሌላ ነገር መጣ። ነስራላህ ገና ወር ሳይሞላ፣ ነገሩ እዚህ እንደሚደርስ ባውቅ ኖሮ ወታደሮቹን አናስይዝም ነበር የሚል ቃል ለቴሌቪዥን ሰጠ። የእስራኤል መንግሥት ያቋቋመው የቪኖግራድ ኮሚሽን ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. የመጨረሻ ሪፖርቱ፣ አገሪቱ የገባችበት ረጅም ጦርነት ያለ ግልጽ ወታደራዊ ድል ተጠናቀቀ አለ። ስለዚህ ልጄ፣ «ድል አልቀናትም» ያልከው ልክ ነው። ሞከረች፣ አልሆነላትም ነው ትርጉሙ። ሂዝቦላ አሸነፈ አላልክም። አንባቢ ሁለቱን ሲያምታታ አንተን አይወቅስህ።

አራዳው፦ እትዬ፣ አለመሸነፍስ ማሸነፍ አይደለም? ያ ሁሉ ጦር ዘምቶበት ሂዝቦላ በእግሩ ቆሞ ቀረ።

የደሴዋ፦ ለሽምቅ ተዋጊ ሊሆን ይችላል። ቤቱ ለፈረሰበት የደቡብ ሊባኖስ ገበሬስ? ማን በምን ዓላማ እንደገባ ሳትጽፍ ግሱን ብቻ ብትሰነዝር ነው ወገንተኛ የምትባለው። የያኔው የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ኦልመርት ወታደሮቹ እንዲመለሱ ነበር የዘመቱት። በሁለት ዓመቱ አስከሬናቸው በልውውጥ መጣ።

ጀማሪው ተርጓሚ፦ እትዬ፣ ተባረኩ። እንግዲህ በራሴ ትረካ «ይዘው ሄዱ» እላለሁ። «ማረከ»ንና «ጠለፈ»ን ለተናጋሪዎቹ እተዋለሁ፣ ማን እንዳለው እየጠቀስኩ። ርዕሱን «የሁለት ወገን ጉሮ ወሸባዬ» ብለውስ?

ባለ ግዕዝ፦ ጉሮ ወሸባዬ ግዳይ ጥሎ ለተመለሰ ነው። ለነዚህ «ቀረርቶ» ይበቃል።