ሰፊ መንገድ ላይ 30፦ ጥንቃቄ ነው ወይስ ሕዝብን ማስመረር?

ሹፌር፦ በየአቅጣጫው ሁለት ረድፍ ያለው፣ መሐሉ በአካፋይ የተለየ፣ ግራና ቀኙ ሱቅም የቤት በርም የሌለበት መንገድ ላይ 30፣ ማለትም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፣ የሚል የፍጥነት ወሰን ምልክት መትከል ምን ይባላል? መንገዱ ለ60 ተሠርቶ በ30 ንዱ እንባላለን። ያከበረ ሰው ከኋላው ክላክስ ይነፋበታል፣ ያላከበረው ይቀጣል። እኔ ይህን ሕዝብን ማስመረር ነው የምለው። ተቃራኒ ሐሳብ ያለው በቁጥር ያስረዳኝ።

አሠልጣኝ፦ በቁጥር ከሆነ እንዲህ ነው። ደረቅ አስፋልት፣ ደህና ጎማ፣ ደህና ፍሬን ይኑር። ሹፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሰከንድ ይፍጅበት፤ ብዙ ሰው ከዚህም ይዘገያል። በ30 የሚመጣው በዚያች ሰከንድ 8 ሜትር ይሄድና በ5 ሜትር ውስጥ ይቆማል፤ በድምሩ 13 ሜትር ገደማ። በ50 የሚመጣው ገና ፍሬን ሳይነካ 14 ሜትር ይሄዳል። እንግዲህ 14 ሜትር ላይ ልጅ ድንገት ቢገባ አንደኛው ሳይነካው ይቆማል፣ ሌላው ምንም ሳይቀንስ በ50 ይገጨዋል። «ከ50 ላይ 10 ብቻ ነው የጨመርኩት» የሚልም ይስማ፦ በ50 የሚነዳው በቆመበት 28 ሜትር ላይ፣ በ60 የሚነዳው ገና በ40 እየሄደ ነው። የተገኘው ትርፍ ደግሞ ይታይ። በ2 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ በ60 እና በ50 መካከል ያለው ልዩነት 24 ሰከንድ ነው፤ እሱንም ቀጣዩ የትራፊክ መብራት ይወስደዋል።

ሹፌር፦ ልጅ በሚያቋርጥበት መንገድ ላይ አልተከራከርኩም። የጠየቅኩት ማንም ስለማያቋርጥበት ነው። ደግሞ በ50 እና በ60 ሳይሆን በ30 እና በ60 አስላው፤ በ2 ኪሎ ሜትር ሙሉ 2 ደቂቃ ነው። በቀን 20 ጊዜ ለሚመላለስ ሰው 40 ደቂቃ ይሆናል።

መሐንዲስ፦ ሹፌሩ ያነሳው ነጥብ በሙያው ውስጥም የታወቀ ነው። አንድ መንገድ ስንት እንደሚያስነዳ ማወቅ የፈለገ ሰው መንገዱ ባልተጨናነቀበት ሰዓት፣ ከፊቱ የሚያግደው የሌለውን መኪና እየመረጠ፣ ቢያንስ የ100 መኪና ፍጥነት ይለካል። ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሮ 85ኛውን ያነባል። ያ ቁጥር 60 ሆኖ ምልክቱ 30 ካለ፣ ከመቶው ሰው አብዛኛው ሕግ ጣሽ ሆኗል ማለት ነው። ያን ጊዜ ችግሩን ሰው ላይ ብቻ መጫን አያዋጣም። 3.5 ሜትር ስፋት ያለው ቀጥ ያለ ረድፍ ራሱ ፍጥነት ይጋብዛል፣ ምልክት ብቻውን ደግሞ የሚቀንሰው በጣም ጥቂት ነው። ረድፉን ማጥበብ፣ ዜብራው መሐል ላይ ለእግረኛ ማረፊያ መሥራት፣ መኪና ቀስ ብሎ እንዲዞር የመታጠፊያውን ቅስት ማጥበብ ያስፈልጋል።

ወላጅ፦ ይቅርታ ወንድሜ፣ በዚህ ስሌት ወሰኑን የሚያወጡት ፈጣኖቹ ናቸው። መቶ መኪና ሲቆጠር ዜብራው ጠርዝ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ልጅ አልተቆጠረም። መሻገር ፈርታ የቀረችው አሮጊትም የለችበትም። ዛሬ 85ኛው 60 ነው ብላችሁ ምልክቱን ብትቀይሩት በኋላ 66 ይሆናል፣ ያኔስ?

መሐንዲስ፦ እውነትሽን ነው፤ ለዚህም ነው ልኬቱ ብቻውን የማይበቃው። አማካይ ፍጥነት 1 ከመቶ ሲጨምር ለሞት የሚያበቃ ግጭት ወደ 4 ከመቶ እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። በየካቲት 2020 በስቶክሆልም የወጣው የሚኒስትሮች መግለጫም እግረኛና ተሽከርካሪ አዘውትረው በሚቀላቀሉበት ቦታ ጣሪያው 30 ይሁን ይላል፣ ከዚያ በላይ መንዳት አደጋ እንደሌለው ጠንካራ ማስረጃ ካለ በስተቀር። ኦስትሪያ ውስጥ ግራዝ ከተማ በ1992 30ን በመላ ከተማው ስትደነግግ ዋና ዋና መንገዶቿን በ50 ትታለች። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «እዚህ ሰውና መኪና ይቀላቀላሉ ወይ» ነው። መልሱ አይቀላቀሉም ከሆነ 30 አያስፈልግም።

ሹፌር፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን ለራሱ ብቻ የሚያስበውስ? በሰፈሩ መንገድ ጉብታ ይሠራልኝ ብሎ ይፈርማል፣ በሌላው ሰፈር በ70 ያልፋል። ዜብራው አፍ ላይ መኪናውን አቁሞ ዳቦ ይገዛል።

አሠልጣኝ፦ ዜብራው አፍ ላይ ማቆም ከፍጥነት ያላነሰ ጥፋት ነው። ከዜብራው በፊት ቢያንስ 5 ሜትር ባዶ ካልሆነ ልጁ ከቆመው መኪና ኋላ ብቅ የሚለው በ2 ወይም በ3 ሜትር ርቀት ነው። ያን ጊዜ 30ም አያድነውም። ተጠግቶ መንዳትም እንዲሁ ነው፦ በ50 የ2 ሰከንድ ክፍተት 28 ሜትር ነው፣ ብዙዎች ግን 8 ሜትር ላይ ተለጥፈው ይሄዳሉ።

የአምቡላንስ ባለሙያ፦ ጉብታ የምትጠይቁ ሰዎች ዓይነቱንም ጥቀሱ፣ እባካችሁ። አጭርና ሹል ጉብታ አከርካሪው ለተጎዳ ሰው ሥቃይ ነው። ፈጣኑን ሹፌርም በሚገባ አያግደውም፤ በፍጥነት ሲያልፈው ምቱን ሱስታው ይውጥለታል። ወደ 3.7 ሜትር የሚረዝም፣ ከፍታው ከ7.5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ጉብታ ይሻላል። አምቡላንስ በሚበዛበት መንገድ ደግሞ ተከፋፍሎ የሚሠራው ይመረጣል፤ የአምቡላንሱ ጎማዎች ግራና ቀኝ አልፈውት ይሄዳሉ፣ ትንሿ መኪና ግን በአንድ ጎኗ መውጣቷ አይቀርም። በጉብታዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ100 ሜትር ካለፈ ሰው መሐሉ ላይ ይጋልባል።

መሐንዲስ፦ ካሜራም ቢሆን አንድ ቦታ ብቻ ከተተከለ ሰው እዚያ ጋ ፍሬን ይይዝና ካለፈ በኋላ ይለቀዋል። በሁለት ነጥብ መካከል ያለውን ጊዜ የሚለካው ይሻላል፦ 2 ኪሎ ሜትሩን በ90 ሰከንድ የጨረሰ አማካዩ 80 ነው፣ መሐል ላይ የትም ቢቀንስ።

ሹፌር፦ አቤቱታ ብናስገባ ምን ብለን እንጻፍ?

መሐንዲስ፦ ወሰኑ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ የ100 መኪና ልኬት ከነሰዓቱ፣ በአንድ ሰዓት ስንት ሰው እንደሚያቋርጥና በየት በኩል፣ የደረሰ ግጭት ካለ የትኛው ቦታ ላይ እንደሆነ። ወሰኑ ከ60 በአንዴ ወደ 30 የሚወርድ ከሆነ መሐል ላይ 50 ወይም 40 እንዲገባ ጠይቁ፤ ድንገት ፍሬን የሚያዘው እዚያ ነው።

ሹፌር፦ በትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለው የመንገዱ ክፍልም 30 የሚሆነው ልጆች በሚገቡበትና በሚወጡበት ሰዓት ብቻ ይሁን ብዬ እጨምራለሁ።

ወላጅ፦ እሱን አልፈርምም። ሜዳው ከመንገዱ ማዶ ከሆነ ቅዳሜና እሑድም ልጆች ያቋርጣሉ። በፊት እነሱም ይቆጠሩ።