አናቶሚ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ያለፋችሁበት እርዱኝ

ሰላም እህት ወንድሞቼ። ደሴ ላይ ሕክምና ከጀመርኩ ሁለተኛ ወሬ ነው። የመጣሁት ከመርሳ ነው። እስከ 12ኛ ክፍል በሽምደዳ ተወጥቼው ነበር፤ እዚህ ግን አናቶሚ (የሰውነት አወቃቀር ትምህርት) ላይ አልሆነልኝም።

ትናንት ሌሊት እስከ 9 ሰዓት ብርድ ልብስ ተከናንቤ ብራኪያል ፕሌክሰስን (ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርደውን የነርቭ መረብ) ስስል ቆየሁ፦ 5 ሥሮች፣ 3 ግንዶች፣ 6 ክፍልፋዮች፣ 3 ገመዶች። ጠዋት ባዶ ወረቀት ላይ ስሞክረው ግንዶቹ ላይ ስደርስ ጠፋብኝ። ፊዚዮሎጂው (የሰውነት አሠራር ትምህርቱ) ደግሞ ገና አልተነካም።

እማዬ ስትደውል «ዶክተሬ» ትለኛለች። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ብዬ እዘጋና አለቅሳለሁ።

አናቶሚን ከስላይድ ነው ከመጽሐፍ ያነበባችሁት? ያነበባችሁት እንዳይጠፋችሁ በስንት ቀን ትከልሱ ነበር? በቡድን ማጥናትስ ይረዳል? «አብሽሪ» ብቻ አትበሉኝ፤ አንድ ቀናችሁን ከጠዋት እስከ ማታ እንዴት እንደምታሳልፉት ዘርዝሩልኝ። ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።