አባቴን ወደ አረጋውያን መንከባከቢያ ላስገባ ነው፤ ጥሩውን ከመጥፎው በምን ልለይ?

ጠያቂዋ (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። በወጣትነታቸው ከከምባታ ለሸንኮራ ቆረጣ መጥተው፣ ከሆላንዶቹ ዘመን ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ወንጂ የሠሩ ሰው ናቸው። እንደ ብዙዎቹ የወንጂ ሠራተኞች የአካባቢው የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ አጥንታቸውን ስለጎዳው አከርካሪያቸውና አንገታቸው አይታጠፍም። በዚህ ላይ አምና ስትሮክ መታቸውና ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ስኳርም ስላለባቸው ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ። አእምሯቸው ግን ደኅና ነው፤ ያስባሉ፣ ይናገራሉ፣ ሲያሰኛቸው ይቆጣሉ። ሌሊት ሌሊት ከአማርኛው ይልቅ ከምባትኛው ይቀናቸዋል።

እስካሁን ቤት ነው ያስታመምናቸው። የምንቀጥራቸው አስታማሚዎች ጥቂት ቆይተው ይሄዳሉ። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ውጭ ያድራል። ብቻዬን ሳነሳቸው ወገቤ ተጎድቶ ሐኪም ከባድ ነገር እንዳላነሳ ከልክሎኛል። አሁን በክፍያ አረጋውያንን የሚያኖሩ ሁለት ቤቶች አግኝቻለሁ። አንዱ አዲስ አበባ ነው፤ ሕንፃው አዲስ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ በየክፍሉ ቴሌቪዥን ያለው። ሌላው እዚሁ አዳማ ያለ ተራ ግቢ ነው። ወንድሜ የአዲስ አበባው ይሻላል ባይ ነው። ለሁለቱም ስደውል «አያስቡ፣ እንደ ገዛ አባታችን ነው የምንይዛቸው» አሉኝ። ሄጄ ምን ልይ? ምን ብዬስ ልጠይቅ?

ሲስተር (አዳማ)

እህቴ፣ ሴራሚኩን ተዪው። እኔ በሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ስሠራ ከእንዲህ ዓይነት ቤቶች የሚመጡ ብዙ አረጋውያንን ተቀብያለሁ። ቤቱ እንዴት እንደያዛቸው የምረዳው ይዘው ከመጡት ወረቀት ሳይሆን ከተረከዛቸውና ከመቀመጫቸው በላይ ካለው አጥንት ነው። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በተለምዶ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን መቀየር አለበት፤ ካልሆነ የአልጋ ቁስል ይጀምረዋል። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ቶሎ ስለማይታይ ጠቆር ያለ፣ ሲነካ የሚሞቅ ወይም የጠነከረ ቦታ ነው የሚፈለገው። የሰው ገላ ገልጠሽ ማየት አትችዪም፤ ነገር ግን የተኙትን ሰዎች ልብ ብለሽ ተመልከቺ። እግራቸው በትራስ ከፍ ብሎ ተረከዛቸው ከፍራሹ ተላቋል ወይ? ግቢውን ዞረሽ ስትመለሺ በግራ ጎኑ ያየሽው ሰው ከብዙ ቆይታ በኋላም በዚያው ጎኑ ነው ወይ?

ከዚያ የውኃውን ኩባያ እዪ። ግራ እጁ ለማይታዘዝለት ሰው ኩባያውን በግራው በኩል አስቀምጠውለት ከሆነ እንደሞላ ይውላል፤ ማታ የምታነሳውም ልጅ «አልጠማቸውም» ብላ ትደፋዋለች። ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። አረጋውያን ጥማቸው ቶሎ አይሰማቸውም፤ በእኛ ከተማ ሙቀት ደግሞ ውኃ ያጠረው ሽማግሌ መቃዠት ሲጀምር «ጃጁ» ይባላል።

ኢንሱሊኑን ማን እንደሚወጋ፣ ምግቡ ከመርፌው በኋላ በምን ያህል ጊዜ እንደሚደርስ ጠይቂ። መርፌው ቀድሞ ወጥ ቤቱ ከዘገየ ስኳራቸው ይወርዳል፤ ሌሊት ከወረደና የሚያይ ከሌለ ደግሞ ለሞት ያደርሳል። የስኳር መለኪያውን አውጥተው ያሳዩሽ፤ የተለካው የሚጻፍበትን መዝገብም እዪ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው የሚቀመጠው። ማቀዝቀዣውን ክፈቱልኝ ለማለት አትፈሪ። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉም ጠይቂ፤ አዳማ ውስጥ ይህ «ቢጠፋ» የሚባል ጥያቄ አይደለም።

የምትሄጂው በምግብ ሰዓት ይሁን። ስትሮክ የመታው ሰው ትንታ ይበረታበታል፤ ሰው ተጋድሞ ሲጎርስ ካየሽ ሌላውን ሳትጠይቂ ውጪ።

ከሜሪላንድ

እኔ እዚህ አሜሪካ በአረጋውያን ቤት ረዳት ነርስ ነኝ። እዚህ መንግሥት ለየቤቱ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ መስጠት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ነው። የሚመዝነውም ሦስት ነገር ነው፦ ተቆጣጣሪዎች ያገኙትን ጉድለት፣ የሠራተኛውን ብዛትና የነዋሪዎቹን የጤና መለኪያዎች። የመጨረሻው አብዛኛው ቤቱ ራሱ ሞልቶ ከሚልከው መረጃ ስለሚወጣ፣ እውነቱን ለመናገር እኛ ሠራተኞቹ ያን ያህል አናምነውም። ተቆጣጣሪ ግን ሳይናገር ነው የሚመጣው፤ በሁለት ምርመራዎች መካከልም ከ15 ወር በላይ ማለፍ የለበትም። የመጣ ዕለት አለቆቻችን ሲሯሯጡ ብታዪ!

እዚያ ኮከብ የሚሰጥልሽ ባይኖርም የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አንቺው ታደርጊያቸዋለሽ። ሳትናገሪ ሂጂ። «ስንት ሠራተኛ አላችሁ?» ብለሽ ከጠየቅሽ ጥበቃውንም አትክልተኛውንም ቆጥረው ይነግሩሻል። ይልቅ «ዛሬ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነቅቶ የሚጠብቀው ማን ነው? ስንት ሰውስ ይጠብቃል?» በዪ። የተረኞች ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ካላየሽ ሌሊቱን የሚጠብቀው አንድ የደከመው ልጅ ይሆናል። የእሑዱንም ጠይቂ። ከሠራተኞቹ አንዷን ለብቻዋ አግኝተሽ «እዚህ ከመጣሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» በያት፤ ሁሉም የሰሞኑ ቅጥር ከሆኑ ወይ ደመወዙ አይበቃም ወይ ሥራው ከአቅም በላይ ነው። አባትሽ ደግሞ በብብታቸው ተይዘው የሚነሱ ሰው አይደሉም፤ አከርካሪያቸው አይታጠፍማ። ሁለት ሰው ሆነው በአንሶላ እንዴት እንደሚያዞሯቸው እዚያው ያሳዩሽ።

አንድ ታዛቢ

ይቅርታ አድርጊልኝና፣ አባት ወልዶ አሳድጎ በስተርጅና ለባዕድ ይሰጣል? ባህላችን ይህ አይደለም። ካልሆነም መቄዶንያ አለ፤ ለምን ገንዘብ ታባክኛለሽ?

ስሜ ይቆይ (ሐዋሳ)

ወንድሜ፣ መቄዶንያ ደጋፊና ጧሪ የሌላቸውን የሚያነሳ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። መክፈል የሚችል ልጅ ያላቸው አባት ገብተው የአንድ ጎዳና አዳሪ አልጋ ይያዙ ነው የምትለው? ባህሉንም ቢሆን ጎረቤትና ዘመድ በየተራ በሚያድርበት ዘመን አውቀዋለሁ፤ ዛሬ ተራ ግባ ብትባል አንተስ ትመጣለህ?

ለጠያቂዋ፦ እኔ እናቴን እዚህ ሐዋሳ አንድ ቤት አስገብቼ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ደውዬ ስሄድ ጸጉራቸው ተሠርቶ፣ ነጠላቸውን ለብሰው በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሳልደውል ጎራ አልኩ። የሌላ ሰው ጋወን ለብሰው፣ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ፣ ብጠራቸው ዓይናቸውን መግለጥ አቃታቸው። የመድኃኒት ከረጢታቸውን ስፈትሽ ሐኪም ያላዘዘው እንክብል አገኘሁ። «ሌሊት ስለሚጮኹ እንዲተኙ ነው» አሉኝ። እናቴ ይጮኹ የነበረው መጸዳጃ ቤት የሚወስዳቸው አጥተው ነው! ስለዚህ መድኃኒት ማን እንደሚያዝ፣ ለቤተሰብ ሳይነገር የሚጨመር ነገር ይኖር እንደሆነ ጠይቂ። በቀን ሁሉም ነዋሪ የሚያንቀላፋበት ቤት የተረጋጋ ቤት አይደለም። የበረኪና ሽታ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነም ጠርጥሪ፤ ያ ለእንግዳ የተደረገ ነው።

ከሜሪላንድ

የሐዋሳው ወንድሜ ያለው እውነት ነው። የመርሳት ሕመም ላለባቸው አረጋውያን የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችን ለማስታገሻ መስጠት የሞት አደጋን እንደሚጨምር ማስጠንቀቂያ ከወጣ ቆይቷል። ሌላውንም ቢሆን ያንገዳግዳል፣ ትንታ ያመጣል፣ ሳይዞሩ እንዲያድሩም ያደርጋል።

የሕግ ባለሙያ (አዳማ)

ሌሎቹ ያላነሱትን ልጨምር። የንግድ ፈቃድ ብቻ ካሳዩሽ አይበቃም። መርፌ እንወጋለን፣ የሽንት ቱቦ እንቀይራለን ካሉ ከጤና ተቆጣጣሪው አካል የተሰጠ የብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ባለሙያ የሚሏትም ነርስ የታደሰ የሙያ ፈቃድ ሊኖራት ይገባል።

ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ቤትሽ ወስደሽ አንብቢው። በወር የሚከፈለው ዳይፐሩን፣ መድኃኒቱን፣ ወደ ሆስፒታል ማድረሻውን ይጨምራል? ዋጋ ሲጨምሩ ከምን ያህል ጊዜ በፊት ያሳውቃሉ? አባትሽ በወሩ አጋማሽ ቢወጡ ወይም ቢያርፉ የተከፈለው ይመለሳል? ሌሊት ቢታመሙ ማን ይወስናል፣ ማንስ ያድራል? ይህንን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያዢ። የጡረታ ደብተራቸውንና መታወቂያቸውን ለቤቱ አታስረክቢ።

ለጡረታቸውና ለባንክ ጉዳይ አባትሽ አእምሯቸው ደኅና ሳለ ውልና ማስረጃ ሄደው ውክልና ይስጡሽ። ወካዩ ችሎታ ካጣ በኋላ ግን ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ውክልናው ስለሚቀር በፍርድ ቤት ሞግዚት ወደማስሾም ትገቢያለሽ። አንድ ጥያቄም አለኝ፦ እሳቸውስ ምን ይላሉ? በጽሑፍሽ ውስጥ የአንቺም የወንድምሽም ሐሳብ አለ፤ የእሳቸው የለም።

ጠያቂዋ (አዳማ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሕግ ባለሙያው ጥያቄ ስለከነከነኝ ጠየቅኋቸው። «መጀመሪያ ቤቱን ልየው፤ ደግሞ ወንድምሽ ስለ ቴሌቪዥን የሚያወራው እኔ መቼ አይቼ አውቃለሁ?» አሉኝ።

የአዲስ አበባው ቤት ሳልደውል ብሄድ ጥበቃው በር ላይ ብዙ አቆመኝና በቀጠሮ፣ ያውም እሑድ ከሰዓት ብቻ መሆኑን ነገረኝ። ከበሩ አላለፍኩም። የአዳማው ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ብሄድ አስገቡኝ። አንዲት ልጅ አንድ ሽማግሌ ቀና አድርጋ አስቀምጣ አጥሚት በማንኪያ እያጠጣች፣ እስኪውጡ ትጠብቃለች። የሌሊት ተረኞቹ ዝርዝር አለ፤ ሁለት ሰው ለዘጠኝ ነዋሪ። አንዱ ሠራተኛ ዱራሜ ያደገ ሆኖ ከምባትኛ ይናገራል። ውሉ ላይ ግን ስለ ገንዘብ መመለስ ምንም የለም። ማቀዝቀዣውን ሲከፍቱልኝ ደግሞ ኢንሱሊኑ በረዶ ከሚሠራበት ክፍል ግድግዳ ጋር ተጣብቆ አየሁት። ይህ ምን ያህል ከባድ ነው?

ሲስተር (አዳማ)

በረዶ የነካው ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፤ ይጣላል። ተወግተው ስኳራቸው የማይወርድላቸው ነዋሪዎች ካሉ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ስለሚችል ነገ ዛሬ ሳትዪ ንገሪያቸው። ኢንሱሊኑን በማቀዝቀዣው መካከለኛ መደርደሪያ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርገው፣ ትንሽ ቴርሞሜትር ከጎኑ ያኑሩ። እኔ ቤቱን በዚህ አልጥለውም፤ ሲነገራቸው ምን እንዳደረጉ ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ ሳትደውዪ ሄደሽ እዪ። «እኛ እናውቃለን» ብለው እዚያው ትተውት ካገኘሽ ሌላ ቤት ፈልጊ። አስተካክለውት ከሆነ የገንዘቡን ጉዳይ ውሉ ላይ አስጽፊና ለአንድ ወር ሙከራ ይግቡ፤ የቤት አልጋቸውን አታፍርሺ። ሲሄዱ በባጃጅ እንዳትወስጃቸው፤ ለአከርካሪያቸው ዝላዩ አይሆንም። የፊት ወንበሩ ወደ ኋላ የሚዘረጋ መኪና ተከራዪ፣ አንገታቸው ሥር ፎጣ ጠቅልለሽ አድርጊ፣ የማለዳውን መርፌና ቁርስ ከጨረሱ በኋላ ውጡ።