አዲስ የዓሣ ገንዳ፦ ውሃው ደፈረሰ፣ ዓሦቹም ላይ ላይ ይላሉ

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለሁላችሁ። 60 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ለልጆቼ ገዝቼ ሦስት ጎልድፊሾች አስገብቻለሁ። ፊልተሩ በደንብ ይሠራል። ሰሞኑን ግን ውሃው የሩዝ እጣቢ መሰለ። ዓሦቹም አፋቸውን ወደ ላይ እያወጡ ይተነፍሳሉ። የውሃ መመርመሪያ እዚህ አላገኘሁም። ውሃውን ሙሉ በሙሉ ደፍቼ ልቀይረው? ልጆቹ በጣም ስለሚወዷቸው እንዲሞቱባቸው አልፈልግም።

መልስ (ከባሕር ዳር)

እህቴ፣ በሙሉ እንዳትደፊው! ዓሣ ሲተነፍስም ሲጸዳዳም አሞኒያ ይለቃል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ እንዲሁ። አሞኒያ መርዝ ነው። በቆየ ገንዳ ውስጥ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። ናይትራይቱም መርዝ ነው፤ እሱን ደግሞ ሌሎቹ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይቀይሩታል። ያንቺ ገንዳ አዲስ ስለሆነ እነዚህ ባክቴሪያዎች ገና አልበዙም። አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ማርቆስ ብርድ ስለሆነ ሊረዝምም ይችላል። ደግነቱ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ የአሞኒያው ጉዳት ይቀንሳል፣ ጎልድፊሽም ብርድ ይችላል።

ዛሬውኑ ሩቡን ቀይሪ። ከዚያ በየቀኑ ወይም ቀን እየዘለልሽ እንደዚሁ አድርጊ። ምግቡን በቀን አንዴ ብቻ፣ ያውም ቁንጥር። በሁለት ደቂቃ ያልጨረሱትን አውጪው። ድፍርሱ በራሱ ጊዜ ይጠራል።

መልስ (ከፍኖተ ሰላም)

የቧንቧ ውሃ ቀጥታ አትጨምሪ። በረኪና በረኪና ከሸተተ ክሎሪን አለበት ማለት ነው። ክሎሪን ዓሣውንም ባክቴሪያውንም ይጎዳል። አፈ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ሳትከድኚ 24 ሰዓት አስቀምጪው። ክሎራሚን (ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር የተዋሃደበት፣ ቶሎ የማይተን) የገባበት ውሃ ከሆነ ግን ማሳደሩ አይበቃም፣ ማርከሻ ፈሳሽ ይፈልጋል።

የፊልተሩን ስፖንጅም በቧንቧ ውሃ እንዳታጥቢ። ከገንዳው በቀዳሽው ውሃ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃዋል።

መልስ (ከቡሬ)

ላይ ላይ የሚተነፍሱት አየር አጥሯቸውም ይሆናል። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል። ፊልተሩ ውሃውን ከላይ እንዲያፈስ አድርጊ። መብራት ለሚጠፋበት ሰዓት በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ቢኖርሽ ጥሩ ነው። ባክቴሪያውም አየር ይፈልጋልና።

ናይትራይቱን በተመለከተ፣ ለ40 ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በውሃ በጥብጠሽ ቀስ በቀስ ጨምሪ። ጨው ናይትራይቱ ወደ ደማቸው እንዳይገባ ይከላከላል። ናይትራይቱ ደማቸው ውስጥ ሲገባ ገንዳው አየር ቢኖረውም ያፍናቸዋል።

ጠያቂዋ

ተባረኩ፣ ሩቡን አሁን እቀይራለሁ። ባሕር ዳር ያለው ወንድሜ የቆየ ገንዳ አለው። ከእሱ ውሃ ላስመጣ?

መልስ (ከባሕር ዳር)

ውሃውን ሳይሆን ስፖንጁን። ባክቴሪያው የሚኖረው ተጣብቆ ነው። የወንድምሽ ዓሦች ጤነኛ ከሆኑ ከፊልተሩ ስፖንጅ ቆርጦ፣ ከትንሽ የገንዳው ውሃ ጋር በላስቲክ ይላክልሽ። አየርም ይተውበት። እንዳይደርቅ፣ ፀሐይም እንዳይመታው። እንደደረሰሽ ወዲያው ፊልተርሽ ውስጥ አስገቢው፤ ሳምንታት ያሳጥርልሻል። መመርመሪያም ይፈልግልሽ፤ አሞኒያም ናይትራይትም 0 እስኪያሳይ ድረስ ሌላ ዓሣ አትጨምሪ።