የዕውቀት ጥጓን አፍርሰን የፊልም ገጸ ባሕርያት እናቁም ወይ? (ኮምቦልቻ፣ የልጆች መጫወቻ)

ሀረጎ ቁልቁል (ጠያቂ)

ሰላም ጀመዓ። ነገሩ ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ የልጆች መጫወቻ ግቢ ነው። ከዥዋዥዌው ጀርባ 120 ካሬ ሜትር የምትሆን «የዕውቀት ጥግ» አለች። 9 ሜትር ርዝመት ያለው የቦርከና ወንዝ ሞዴል፣ ልጅ ራሱን በገመድ የሚያነሣበት ባለ ፑሊ ወንበር ሦስት፣ የጥላ ሰዓትና ስምንት የጽሑፍ ሰሌዳ አሏት። ወንዙ ደርቋል፣ ወንበሮቹ ይንቋቋሉ፣ የጥላው ሰዓት ከእጅ ሰዓት ጋር አይገጥምም፣ ሰሌዳውን የሚያነብ የለም። ባለድርሻዎቹ ጥጓን ጠርገን የካርቱን ጀግኖችን በፋይበር ግላስ እናቁም፣ ሰዉ ፎቶ ይነሣበት ይላሉ። የውጭ ትልልቅ ፓርኮችም ያደረጉት ይህንኑ ነው ባይ ናቸው። ሥራውን የምታውቁ ምን ትላላችሁ?

ሸዋ በር

አድርገዋል፣ ግን ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነገር አይደለም የተደረገው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ፍሎሪዳ ያለው የዲዝኒ ኤፕኮት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 (ቀጥሎ የምጠቅሳቸውም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሲከፈት ስለ ኃይል፣ ስለ መሬት፣ ስለ መገናኛ እያለ በጉዳይ የተከፋፈለ አዳራሽ ነበር። የኃይሉ አዳራሽ በ2017 ተዘግቶ በ2022 የጋላክሲ ጠባቂዎቹ ፊልም ባቡር ገባበት። እዚያ ውስጥ ዛሬ ስለ ኃይል የሚማር የለም፤ ይህ ንጹሕ ማፍረስ ነው። የኖርዌዩ የጀልባ ጉዞም በ2014 ተዘግቶ በ2016 የፍሮዝን ካርቱን ፊልም ሆነ።

የባሕሩ አዳራሽ ታሪክ ግን ሌላ ነው። በ1986 የተከፈተ ነው፣ በ2007 የካርቱኑ ዓሣ የኔሞ ስም ተሰጠው። ከ20 ሚሊዮን ሊትር በላይ የሚይዘው ገንዳና በውስጡ ያሉት እውነተኛ ዓሦች አልተነኩም፤ ገጸ ባሕሪው በሩ ላይ ቆሞ ልጁን ወደ ገንዳው ይወስደዋል። በ2023 የተከፈተው፣ በካርቱን ፊልሟ ጀግና ስም የተሰየመው የሞአና የውሃ መንገድ ደግሞ የውሃ ዑደትን በእግር እያስኬደ የሚያሳይ ነው። የመሬቱ አዳራሽ ጀልባ ያለ አንድም የፊልም ጀግና በአትክልት ማብቀያዎቹ መካከል እስከ ዛሬ ይሄዳል።

ባለድርሻዎቹ ሊያዩት የሚገባው የኃይሉ አዳራሽ ለምን እንደሞተ ነው። ወጪውን ይደግፍ የነበረው የነዳጅ ኩባንያ ውሉ በ2004 አለቀ፤ በ1996 የተሠራው ትርኢት ሳይታደስ እስከ መዘጊያው ቀን ሄደ። የኃይል ጉዳይ በየዓመቱ በሚቀያየርበት ዘመን ሃያ ዓመት ያለፈው ፊልም ማን ቁጭ ብሎ ያያል? የእናንተም ወንዝ ደርቆ ሳለ «ልጆች ትምህርት አይወዱም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ኩሽኔታ

ከላይ ያለው ልክ ነው፤ ጥጓ አልተሞከረችም፣ ተበላሽታ ነው የቆመችው። ከወንዙ ልጀምር።

የቦዩ ስፋት 20 ሳንቲ ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በደቂቃ ወደ 100 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ይበቃል። በአነስተኛ ከፍታ ላይ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ያለው ጠላቂ ፓምፕ ይሠራዋል። ተዳፋቱን በየሜትሩ 1.5 ሳንቲ ሜትር አድርጉት፤ ከዚያ ካነሰ ደለል ይተኛል፣ እጅግ ከበዛ ውሃው ከቦዩ ይዘላል። ፓምፑ የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ስለሚውጥ ነው። ስለዚህ ውሃው የሚጠራቀምበትን 500 ሊትር የሚይዝ ጉድጓድ በግድግዳ ለሁለት ክፈሉ፤ መጀመሪያው ክፍል ደለል ማስቀሪያ ይሁን፣ ሁለተኛው ውስጥ ፓምፑን በጡብ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። መግቢያው ላይ የ5 ሚሊ ሜትር ወንፊት፣ ለልጆቹ መጫወቻም ከደቃቅ አሸዋ ይልቅ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ጠጠር። ልጆች ግድብ ይሥሩበት እንጂ «አትንኩ» የሚል ሰሌዳ አታቁሙበት፤ የሚማሩት ሲገድቡት ነው።

ኤሌክትሪኩ ላይ ቀልድ የለም። ሲያፈስ በ30 ሚሊ አምፒር የሚቆርጥ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ሳይኖር ልጅ እጁን በዚያ ውሃ ውስጥ አይክተት። ውሃውን በየሳምንቱ ቀይሩ። የኮምቦልቻ ሙቀት ትንኝ ያፈላል፣ ወባም አለ፤ እጭ ወደ ክንፍ ለመድረስ አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ለ500 ሊትር 5 በመቶ የሆነ በረኪና 20 ሚሊ ሊትር በቂ ነው።

ወንበሮቹ የሚንቋቁት ፑሊው ፕላስቲክ ስለሆነ ይመስለኛል። 6203 ቁጥር ዝግ ኩሽኔታ ያለው የብረት ፑሊ፣ 12 ሚሊ ሜትር የፖሊስተር ገመድ (ናይሎን ይለጠጣል)፣ 60 በ60 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ)፣ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳይወጣ ማቆሚያ ቋጠሮ። እግረ መንገዴን፣ በእንዲህ ያሉ ወንበሮች ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ስሕተት ነው። ሦስቱን ወንበሮች የያዙት ገመዶች በየተራ 1፣ 2 እና 4 ሲሆኑ ልጁ ራሱን የሚስብ ከሆነ በእጁ የያዘው ገመድም ይቆጠራል። 40 ኪሎ ልጅ 20፣ 13 እና 8 ኪሎ ይከብደዋል እንጂ 40፣ 20 እና 10 አይደለም። 40፣ 20፣ 10 የሚሆነው ሌላ ሰው ቆሞ ሲስበው ነው። ይህንን ልዩነት አባትና ልጅ ተፈራርቀው እንዲሞክሩት አድርጉ።

ቧንቧ ውሃ

የጥላው ሰዓት አልተበላሸም! የእኛ ሰዓት የተቆረጠው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ልክ ነው፤ ደሴና ኮምቦልቻ ግን 39.7 ገደማ ላይ ናቸው። ስለዚህ ፀሐይ ከፍታዋ ላይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ካለፈ 20 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ በዓመቱ ውስጥም ወደ ሩብ ሰዓት ያህል ወዲያና ወዲህ ይላል። ይህንን ጽፋችሁ ከለጠፋችሁ ጥያቄው ራሱ ትምህርት ይሆናል።

ሌላም አለ። ወሎ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነ በዓመት ሁለት ቀን ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፤ ሚያዝያ 11 እና ነሐሴ 18 ገደማ። 2 ሜትር ቧንቧ በቱምቢ ቀጥ አድርጋችሁ ብትተክሉ በዚያ ቀን እኩለ ቀን ላይ ጥላው ይጠፋል። ነሐሴ በደመና ስለሚሸፈን ዝግጅቱን ለሚያዝያ ያዙት። ልክ በ6 ሰዓት ካያችሁት ግን 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ይቀራል፣ ሰዉም «ውሸት ነው» ብሎ ይሄዳል፤ 20 ደቂቃ አቆዩት።

ስምንቱን ሰሌዳ አንሡ። በቦታቸው፣ ከደሴ የሚመጡ ልጆች ባዶ የውሃ ፕላስቲክ እዚያው ከፍተው እንደገና ጥርቅም አድርገው ይዘው ይምጡ በሉ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሀረጎን ቁልቁለት ወርደው ወደ 600 ሜትር ዝቅ ሲሉ ፕላስቲኩ ጭምድድ ይላል፤ የውስጡ አየር 7 በመቶ ያህል ይጨመቃል። ፀሐይ ላይ ከዋለ ሙቀቱ መልሶ ይነፋዋልና ጥላ ውስጥ ይታይ።

አራዳ

አብሽሩ፣ ሁለቱም ይቻላል። ግን ገጸ ባሕሪ የማይጠቅም አስመስላችሁ አትናገሩ፤ ልጅ እናቱን እየጎተተ የሚያስገባው እሱ ነው። ጥያቄው የማን ገጸ ባሕሪ የሚለው ነው። የፊልም ጀግና ባለቤት አለው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 አለ፣ የንግድ ምልክት አዋጅ 501/1998 አለ። ምስሉ በአገራችን የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን ከአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሳታጣሩ በር ላይ ቲኬት ለሚቆረጥበት ግቢ አታሠሩ። እመት ጦጢትና አያ ጅቦ ግን የማንም የግል ሀብት አይደሉም። ጦጢት በፑሊ ራሷን ስታነሣ፣ ጅቦ ከታች አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ ብትሠሩት ወንበሩ ታሪክ ያገኛል።

ፋይበር ግላሱን በሚመለከት፦ በካሬ ሜትር 450 ግራም የሆነ ማት (የመስታወት ክር ምንጣፍ) ሦስት ድርብ፣ ልጆች የሚወጡበት ቦታ አምስት። የማጠንከሪያው መጠን ከሬዚኑ (ማቱን ከሚያርሰው ፈሳሽ ፕላስቲክ) ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። በኮምቦልቻ ቀትር ወደ 1 አውርዱት፣ አለበለዚያ ሥራው ሳያልቅ ባልዲው ውስጥ ይደርቃል፤ ደሴ ላይ በጠዋት ከተሠራ ደግሞ ከ15 ዲግሪ በታች ስለሆነ ሳይበስል ይቀራል። ማጠንከሪያውንና ኮባልቱን (ማፍጠኛውን) በቀጥታ ማቀላቀል ይፈነዳል፤ ኮባልቱ ቀድሞ ከሬዚኑ ጋር ይዋሐዳል፣ ማጠንከሪያው መጨረሻ። ጸሐይ የሚከላከል ሽፋን ያልተቀባ ቀለም ቶሎ እንደ ጠመኔ ይነሣል።

ሀረጎ ቁልቁል (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃም። የቱ ይቅደም?

ኩሽኔታ

ወንዙ። ሲፈስ ድምፁ ራሱ ይጠራል፣ ደግሞም ብልሽቱ ርካሽ ነው። ፓምፑን ስትገዙ ሳጥኑ ላይ ያለውን «ከፍተኛ ሊትር» አትመኑ፤ ያ ቁጥር ውሃውን ምንም ከፍታ ሳያወጣ የሚለካ ነው። ከጉድጓዱ ውሃ እስከ ቦዩ ራስ ያለውን ከፍታ ለክታችሁ ሂዱ፣ ሻጩ በዚያ ከፍታ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ ከሠንጠረዡ ያሳያችሁ። ሠንጠረዥ የሌለውን ተዉት።