ከኩራዝ ጥላሸት ፉለሪን ይወጣል ወይ?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ፣ ኬሚስትሪ የመጨረሻ ዓመት። ለመመረቂያ ሲ60 የሚባለውን ፉለሪን (60 የካርቦን አቶሞች እንደ ኳስ የተያያዙበት ሞለኪውል) ሠርቼ ማጥናት አማረኝ። እናቴ ጓዳ ጥላሸት እንደ ጉድ ነው፣ ኩራዝም አለን። ጥላሸቱን ቶሉዊን (ሲ60ን የሚያሟሟ ፈሳሽ) ውስጥ ዘፍዝፌ ባጣራው ሲ60 አገኛለሁ? አማካሪዬ «ሞክሪ» ብሎኝ ሄደ፣ በቃ።

ቦርከና፦
አብሽሪ እህቴ፣ ግን ኩራዙን ተይው። እዚያ ውስጥ ሲ60 ቢኖር እንኳ ኢምንት ነው። ሲ60 ቶሉዊንን ወይን ጠጅ ያደርገዋል፣ ያንቺ ግን ቢጫ ወይ ቡኒ ሆኖ ነው የሚቀረው፤ እሱም ባለ ብዙ ቀለበት ሃይድሮካርቦን ነው፣ አንዳንዱ ካንሰር ያመጣል፣ ያለ ጓንት እንዳትነኪው። ክሮቶ፣ ከርልና ስሞሊ እ.ኤ.አ. በ1985 ሲያገኙት ግራፋይት በሌዘር መትተው ነው። በእጅ የሚያዝ ያህል የተሠራው በ1990 ነው፤ ክሬችመርና ሃፍማን ግፊቱ ዝቅ ባለ ሂሊየም ውስጥ ግራፋይትን በኤሌክትሪክ አትንነው። ሂሊየሙንስ ከየት ልታመጪ ነው?

ኮምቦልቻ ላብ፦
ይልቅ ካርቦን ዶት ሥሪ፣ የሚያበራ በጣም ጥቃቅን የካርቦን ቅንጣት ነው። ሲትሪክ አሲድ 200 ዲግሪ ግድም ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ታሞቂያለሽ። ይቀልጣል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ወደ ብርቱካንማ ይሄዳል። ያኔ ቀስ እያልሽ ቀጭን የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውሃ ላይ ጠብ ጠብ ታደርጊዋለሽ፤ ይረጫል፣ መነጽር አድርጊ። ሐሰተኛ ብር በሚለዩበት መብራት ሥር ስታስገቢው ሰማያዊ ያበራል። ወላሂ ያምራል!

ቦርከና፦
ያምራል፣ ግን አበራ ማለት ካርቦን ዶት ሆነ ማለት አይደለም። ሲትሪክ አሲድ፣ በተለይ ከአሚን (ናይትሮጅን ካለው ውህድ) ጋር ሲሞቅ፣ ራሳቸው የሚያበሩ ትናንሽ ሞለኪውሎች ይሰጣል። ስንቱ ሰው ይሄን ሳያይ ያልፋል! ትናንሽ ሞለኪውሎችን ብቻ የሚያሳልፍ ዲያሊሲስ ከረጢት ውስጥ ጨምሪና ውሃ እየቀየርሽ አቆዪው። የሚያበራው አብዛኛው ወደ ውጭው ውሃ ከወጣ፣ ዶት ነው ብለሽ እንዳትጽፊ። ሲ60 ራሱ ኳስ ነው ተብሎ የታመነው በቀለሙ መሰለሽ? በካርቦን 13 ኤንኤምአር (አቶሞች ያሉበትን ቦታ በማግኔት በሚለይ መለኪያ) አንድ መስመር ብቻ ስላሳየ ነው፤ 60ዎቹም አቶሞች ያሉበት ቦታ አንድ ዓይነት ነዋ። ሲ70 አምስት መስመር ነው ያለው። መመረቂያሽ እዚህ ጋ ነው፣ ማብሰሉማ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የጦሳ ልጅ፦
እሺ ገባኝ፣ ያለ አሚን እጀምራለሁ። ከረጢቱ ግን ግቢያችን የለም። ኮምቦልቻ ካላችሁ ቁራጭ ታካፍሉኛላችሁ?

ኮምቦልቻ ላብ፦
አለን፣ ነይ ውሰጂ። ሲትሪክ አሲዱን ግን ይዘሽ ነይ፣ የኛ አልቋል።